ለአዳራሻችን ስለተመረጠው ባለ ብዙ መብራት ሲንተሳይዘር

ለተከበሩ የሠፈራችን አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጆሮዎም ካለፈው ወር ወዲህ የተሻለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአዳራሹ ፊት ለፊት መጋረጃ የምሸጠው ነጋዴ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ሥራ ሲበዛበት በሩ ስለሚቆለፍ እንጂ ለሌላ አይደለም።

እንደሚያስታውሱት፣ ለእናቶች የዓርብ ስፖርት ማጀቢያ፣ ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ አጫጭር ዜማ እየደጋገመ የሚያጫውት ሲንተሳይዘር የሚሉት የኤሌክትሪክ ሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ ሲታሰብ፣ ዕቃ መሸጫው ድረስ ሄዶ አንዱን መርጦ ለአዳራሹ ኮሚቴ ከሚያሳዩት መሃል ምርጫው የተወደደለት ሰው የአዳራሹን ቁልፍ ይዞ በየሳምንቱ እንዲያጫውት ተወስኖ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ስፖርት የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት። እኔም ሱቄን ከዘጋሁ በኋላ በመጋረጃ ጥቅሎች መሃል ተቀምጬ ዜማ ስሠራ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ቁልፉን ክፉኛ እንደተመኘሁት አልደብቅም። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ዕቃ መሸጫው ውስጥ ትንሿን ግራጫ መሣሪያ ይዤ፣ በባትሪ እንደምትሠራ፣ ጠረጴዛውን በጣቴ የመታሁትን ድምፅ ቀድታ ከበሮ እንደምታደርገው፣ አጥፍቼ ባበራትም የሠራሁትን እንደማትረሳ ሳሳይ፣ ኮሚቴው እያዛጋም ቢሆን እስከ መጨረሻው ስለቆመልኝ አመሰግናለሁ።

2. ጎረቤቴ ጸጉር አስተካካዩ የባለ ብዙ መብራቱን ትልቅ መሣሪያ አንድ አዝራር ተጭኖ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲወዘውዝ፣ ቤቱ በሙዚቃ ሲናወጥና የኮሚቴው ጸሐፊ «ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ በመቀስ ሲቀልድብን ነው የኖረው!» ሲሉ፣ እርስዎም አቅፈው ቁልፉን ሰጡት። እጁን ኋላው ያደረገ ሰው በምኑ እየተጫወተ እንደሆነ ማንም አለመጠየቁ፣ ለጥበብ ያላችሁን አክብሮት ያሳያል።

3. ያ ትልቅ መሣሪያ ሲጠፋ የተሠራበትን ሁሉ የሚረሳ ሲሆን፣ የማይረሳው ፋብሪካው ለገዢ ማሳያ የጫነበትን ዜማ ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩት በማግሥቱ ስለ ግራጫዋ ዋጋ ልጠይቅ ስመለስ፣ ሻጩ ያንኑ አዝራር ተጭኖ ያንኑ «ድርሰት» ለሌላ ገዢ ሲያሰማ ነው። ሻጩ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው።

4. ባለቤቴ ዕቃ ስታጥብም ልብስ ስታጣጥፍም የምታንጎራጉረው ያንን ዜማ ሆኗል። የራሴን ባሰማት፣ «እስቲ ዝቅ አድርገው፣ ራሴን አዞርከው! እንደሱ ያለ ነገር መሥራት ምን ያቅትሃል?» አለችኝ። ባል በሰው ቢቀና ያለና የነበረ ነው፤ በፋብሪካ እንድቀና ያበቃኝ ግን የእርስዎ አስተዳደር በመሆኑ፣ ይህንንም ከሥራ ውጤቶችዎ መሃል እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ።

መሣሪያው ይመለስ አልልም፤ ነጋዴ ስለሆንኩ፣ የተገዛ ዕቃ ሲመለስ የሻጭ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የምለምነው ቁልፉን ለአንድ ዓርብ ብቻ ነው። ግራጫዋን በራሴ ወጪ ገዝቻታለሁና የመብራት ወጪ እንኳ አላስወጣችሁም።

ለጆሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ያልተቋረጠ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣

በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመው
መጋረጃ ሻጭ

ማሳሰቢያ፦ ጸጉር አስተካካዩ በመጪው ዓርብ «አዲስ ሥራ» እንደሚያቀርብ ከዚሁ ሰሌዳ አንብቤአለሁ፤ ባለቤቴም አዲስ ጫማ ገዝታ እየጠበቀች ነው። አዝራሩ በስተግራ ከታች ያለው ቀዩ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት የፋብሪካው ሁለተኛ ዜማ ይመጣል። ይህን የምጽፈው ድንገት አርቲስቱ ቢታመም፣ ከፊተኛው ረድፍ ለመሣሪያው ቅርብ የሆነችው እናት ራሷ ተጭናው ስፖርቷን እንድትቀጥል ብዬ ነው።