ሞተሩ የለበሰው ጋቢ

ሰኔ 29 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የደብረ ታቦር ብርድስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከቤት ደጅ ወጥቶ መግባት በጭቃው ምክንያት ካስቸገረን በቀር መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ አስማረ ነጋዴው ነው። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ጻፊ፣ ያንን ጻፊ እያለችኝ ነው። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህና ጽሕፈቴ ቢያስቅህ ጥፋቱ የራስህ ነው።

ከሁሉ በፊት ንገሪው ያለችኝ የሞተር ብስክሌትህን ነገር ነው። በልደታ ማግስት አደራ ብለሃት በእግርህ ከሄድህ በኋላ አራት ሳምንት ደጅ ቆመ፤ እሷም በሰሌን ሸፍናው ሰነበተች። የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ለት ግን ልቧ አልቻለም። ወደ ቤት እናስገባው ብንል መሪው በበሩ አላልፍ አለ። አጎታችንን አያ ዋለን ከመካነ ኢየሱስ ድረስ አስጠርታ ከበሩ ጎን ያለውን ግድግዳ አስፈረሰችው። ሞተሩ ገባ። ግድግዳው እንደገና ተመረገ፤ ነገር ግን የሰኔ ምርጊት መች ይደርቃል? እስካሁን እጄን ባስጠጋው ይረጥባል፤ ሌሊት ንፋስ ያስገባል።

አሁን የሞተርህን ማረፊያ ልንገርህ፣ ሳቅ ወይም አልቅስ። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ደረቁን የእማዬን መኝታ ይዟል። አልጋዋን አንሥታ ወደዚያ ወደ እርጥቡ ግድግዳ አስጠግታዋለች። አያ ዋለ የቤንዚኑ ሽታ ከእሳት ጋር አስፈርቶት ሁሉንም ቀድቶ ወደ ውጭ አወጣው። እኔ ብረት ጥጃ አይደለም፣ እሳት ዳር አይታሰርም ብላት፣ ወንድምሽ ሲሄድ ብርድ አይወድም ብሎኛል አለችኝ። እውነት ብለሃል፣ ሰምቻለሁ። ግን በብርድ ለመነሣት ያስቸግረኛል ማለትህ እንጂ እንደ ሰው ይበርደዋል ማለትህ እንዳልነበረ እኔ አውቃለሁ። ለእሷ ማን ያስረዳት? ሁለት ክረምት የፈተለችውን፣ ገና አንድ ዓመት ያልለበሰችውን ጋቢዋን ደርባለታለች። ጠዋት ጠዋት ከአሮጌ ቀሚሷ በቀደደችው ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ትወለውለዋለች፣ ያናግራታል መሰለኝ።

አባባ ግን አንድ ቀን ዓይናቸውን ጥለውበት አያውቁም። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ያንን ጉድ እያስጓራህ ደጅ መድረስህን፣ የአለቃ ወልደ ሰንበት በቅሎ ገመዷን በጥሳ እስከ ወንዙ መሮጧን፣ ቄስ ሆነው በሰው ፊት ማፈራቸውን ገና አልረሱም። ወይ እሱን ወይ ቤቴን ቢሉህ ሁለቱንም ጥለህ የሄድህበትንም ቃል አላነሡትም። ሲገቡ በሌላው ወገን ዞረው ያልፋሉ። አንድ ቀን ብቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የልጄን ቦታ ብረት ያዘው ሲሉ ሰማኋቸው። ይህን እማዬ ጻፊ አላለችኝም፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

እሷ ጻፊ ያለችኝ ይህን ነው። መንገዱ እንደ ደረቀ ና፤ የአባትህን ጉልበት ስመህ ታረቅ። የሳቸውን ነገር ለኔ ተወው፣ እኔ አለዝባቸዋለሁ ብላለች። ሁለታችሁን አንድ ማዕድ ላይ ሳላይ ክረምቱ አይውጣ እያለች ስትሳል ነው የምታድረው። አምላክ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ

---

ነሐሴ 11 ቀን 1960 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ጤና ይስጥልኝ። በፍልሰታ ጾም አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ሊሆንልኝ ግን አልቻለም። አስማረ ደብዳቤዬን በእጅህ እንደ ሰጠህ፣ ቆመህ እንዳነበብኸው፣ ሥራ አለብኝ ብለህ በኪስህ እንደ ከተትኸው ነግሮኛል። አንዲት መስመር እንኳ አልላክህም። ኩርፊያህ ከአባባ ጋር ከሆነ እኛ ምን አደረግንህ?

ይህን የምጽፈው ከእማዬ ተደብቄ ጎረቤታችን እትዬ ካሣነሽ ቤት ሆኜ ነው። ሳል ይዟታል፤ እሱን አትጻፊበት፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብላኛለች። እኔ ደግሞ ሥራህን ጥለህ እንድትመጣ ነው የምጽፈው። ሳሉ በሐምሌ መጨረሻ ወደ ደረቷ ወርዷል። ግድግዳው በአልጋዋ ወገን ላብ እንዳጠመቀው ሆኖ ያድራል። አልጋሽን ወደ ምድጃው እንመልስ ስንላት ሞተሩን የት ልታቆሙት ነው ትላለች። ደጅ ስንላት ፊቷን ታዞርብናለች።

ባለፈው እሑድ አንድ ነገር አደረግሁ። እንቅልፍ እንደ ወሰዳት ጋቢውን ከሞተሩ ላይ ገፍፌ አለበስኋት። ስትተኛ ያንቀጠቅጣት የነበረው ብርድ ተዋት፤ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ጤነኛ ሰው ተኛች። ስትነቃ ጋቢውን በእጇ ዳበሰችና ምንም ሳትቆጣ፣ የሰው አደራ ገፈሽ እኔን ታለብሻለሽ፣ መልሺው አለችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። መለስሁት።

ድሬሰር ነህ። የማታውቀውን የሰው ልጅ ሁሉ መርፌ ትወጋለህ። መንገዱ የተዘጋው ለሞተር እንጂ ለእግርህ አይደለም፤ በግንቦት በእግርህ አይደል የሄድኸው? መምጣት ባትችል መድኃኒት ላክ። እሱንም ባትችል፣ ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ተወውና ብረት ብርድ አይሰማውም፣ ቦታሽንም ጋቢሽንም መልሰሽ ውሰጂ ብለህ አንዲት መስመር ጻፍላት። እኔን አታምነኝም፣ አያ ዋለንም አታምነውም። አንተ ካልህ ግን ታምናለች። ከዚህ ያነሰ የምለምንህ ነገር የለኝም።

አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት አልጋዋን ነው። ትናንት ደግሞ ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመው ሲያዩት አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ሄዱ።

እመቤታችን ልብህን ታራራው።

እህትህ

---

መስከረም 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ደህና ነን ብዬ ልጀምርልህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ወረቀት ቀደድሁት። ስለዚህ ሰላምታውን እዚህ ላይ ልተወው፤ አንተም በዚህ አትቀየመኝ። ዛሬ ጻፊ የሚለኝ ሰው አጠገቤ የለም፣ የማልጽፈውን ደግሞ አያ ዋለ ነግሮኛል።

ደብዳቤህ ጳጉሜን 3 ቀን ደረሰኝ። ልክ እንደ ለመንሁህ አድርገህ ጽፈኸዋል። ብረት ብርድ አይሰማውም፣ እናቴ ቦታሽን ያዥ፣ ጋቢሽን ልበሺ፣ ሞተሩን ዝናብ ላይ ጣሉት ብለሃል። መድኃኒቱም በጨርቅ እንደ ተቋጠረ ደርሷል፤ ጠርሙሱ አልተሰበረም። ደብዳቤህን ለአባባ አነበብሁላቸው። ጨርሼ ሳጥፈው እንደገና አንብቢው አሉኝ፤ እንደገና አነበብሁት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው ከመጽሐፋቸው ውስጥ አስገቡት።

ተቆጥቼብህ ነበር። አሁን ቁጣዬ የት እንደ ገባ አላውቅም፤ ያንን ጋቢ ወደ ሞተሩ የመለሰው የኔ እጅ ነው። ስትመጣ አንተም የራስህን ትነግረኛለህ፣ እኔም የራሴን እነግርሃለሁ። የሚሰማን ቢኖር እርስ በርሳችን ነው።

አባባ ና ብለውሃል። ይቅር ብዬዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታው ብለዋል። ሞተሩንም እንደዚያ ቀን እያስጓራ ከደጄ ያውጣው፣ የማኅበር ለት ቢሆን እንኳ አልናገረውም ብለዋል። ለማውጣትም አትቸገርም፤ በነሐሴ መጨረሻ አልጋ ሲወጣ በሩ ስለ ጠበበ አያ ዋለ ያንን ግድግዳ እንደገና ከፍቶታል። እስካሁን አልተመረገም።

ሞተሩ ንጹሕ ነው። ጠዋት ጠዋት አባባ ይወለውሉታል። እኔ ላድርገው ብላቸው ጨርቁን አልሰጥ አሉኝ፤ አደራው ለኔ ተላልፏል አሉኝ። ያቺ የእማዬ ቀሚስ ቁራጭ ናት፣ ታውቃታለህ፣ ያቺ አበባ ያለባት። ከወለወሉ በኋላ ከቀሚሳቸው ኪስ ያስገቧታል።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ ስማኝ። ከመስከረም 28 ቀን በፊት እንድትደርስ። መካነ ኢየሱስ ስትደርስ ማንንም ወሬ አትጠይቅ፣ የሚያወራህም ቢኖር አትቁም። በቀጥታ ወደኛ ቤት አትምጣ፤ አያ ዋለ ዘንድ ግባና እደር። ሲነጋጋ እሱና ዘመዶቻችን ይዘውህ ይመጣሉ። እኔ ከደጅ እጠብቅሃለሁ።

ስለ ጋቢው አትጨነቅ። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት አባባ በገዛ እጃቸው ከሞተሩ ላይ አንሥተው እማዬን አልብሰዋታል። መልሱት ያላቸው የለም። አሁን አይበርዳትም።

መንገድህን መድኃኔ ዓለም ያቅናልህ፣ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልብህንም ያጽናልህ።

የምትጠብቅህ እህትህ