የዙሁራ ባል መረብ

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
ማርች 19፣ 2022

ለልጄ ለሃጀር፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እናትሽም ወንድምሽ ሱሀይልም ደህና ናቸው። እኔም አልሐምዱሊላህ፤ ካናል ዊንቸስተር ያለው የምሠራበት ዌርሃውስ ቀን ሺፍት ሰጥቶኛል። የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ምላሴ እየተሳሰረ ስላስቸገረኝ ነው።

ማማ ዙሁራ በሰላም መጥታ በሰላም ተመልሳለች። ዩኒቨርሲቲው የጋበዛት ለአንድ ቀን ንግግር ቢሆንም እናትሽ "ለበጎ ፈቃድ ሥራ ኬንያ ድረስ የሄደችውን ልጄን የምታበላልኝ ሴት ሆቴል አታድርም!" ብላ ሦስት ቀን እኛ ዘንድ አቆየቻት። እኔም ኦፍ ወስጄ ከወንድምሽ ጋር ንግግሯን ልሰማ ሄድኩ።

ስለ መንደሯ ባሕር አወራች። ዓሣው እያለቀ ሲሄድ ነዋሪው ራሱ ተማክሮ፣ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ የበቀለበትን ዳርቻ ለስድስት ወር ማንም እንዳያጠምድበት ዘጋው። ኮሚቴውን የምትመራው እሷ ናት። ከዚያ አንቺ አንድም ቀን ያልነገርሽኝን ነገረችን። በሦስተኛው ወር መረብ ጥሎ የተያዘው የገዛ ባሏ ነበር! ሰዉ እሷን ማስቀየም ፈርቶ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂልን" ብሎ አንቺ ዘንድ መጣ።

"ሃጀር ግን 'ባሕሩም ሕጉም የእናንተ ነው፤ የወሰናችሁትን እጽፋለሁ' ብላ ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች" አለች ማማ ዙሁራ። "በጣም ተናድጄባት ነበር። መረቡ ይወረስ ብዬ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ። ያን ቀን እሷ ፈርዳ ቢሆን ሕጉ የእሷ ይሆን ነበር፤ ስትሄድም አብሯት ይሄድ ነበር። አሁን ባሌ የዳርቻው ጠባቂ ነው። ዓሣውም ተመልሷል።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ሳላጨበጭብ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ሱሀይል ዞር ብሎ "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለኝ።

ልጄ፣ እኔ ብሆን ወዲያው እፈርድ ነበር። መቼም ታውቂኛለሽ፤ ፋርማሲ ተማሪ ስልሽ ፍላጎትሽን መች ጠየቅሁሽ? ሰው የራሱን ነገር ራሱ እስኪወስን አፍን ይዞ መቀመጥን ከማን እንደተማርሽ አላውቅም። ከእኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ኮራሁብሽ።

ሐሙስ ዕለት ማማ ዙሁራን ኤርፖርት አደረስኳት። መኪናውን ፓርክ አድርጌ ሻንጣዋን ይዤ ገባሁ። ፍተሻውን አልፋ ከዓይኔ ከተሰወረች በኋላም እዚያው ቆሜ እጄን አውለበልብ ነበር፤ አንድ ሠራተኛ መጥቶ "ሰር፣ ገብታለች እኮ" እስኪለኝ ድረስ። አንቺ ስትሄጂ አኩርፎ ከመኝታ ቤቱ ያልወጣው ሰውዬ ነኝ ይሄ።

አላህ ከነባሕሩ፣ ከነሰዎቹ ይጠብቅሽ። የረገጥሽው ሁሉ ይለምልም።

አባትሽ፣
ኑርሁሴን