ወንዙ ሁለት የሆነበት ሸራ

እንድሬ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ማረፊያህን አላህ ያስፋልህ። ከተለየኸን ወዲህ የጓሯችን ማንጎ ሁለት ጊዜ አፈራ። የመጀመሪያውን ማን እንደበላው አላውቅም፤ ቤቱ የለቀስተኛ ቤት ስለነበር ሰው የወደቀውን እያነሳ ሄዷል። ዘንድሮ ግን ዛፉ ሥር ተቀምጬ እጄን እስከ ክርኔ አጨማልቄ በላሁ። ይህን የምነግርህ ደህና መሆኔን እንድታውቅ ነው።

ልጃችን ሐያት ቁመቷ ከኔ አልፏል፤ ከላይ መደርደሪያ ዕቃ የምታወርድልኝ እሷ ሆናለች። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። አንተ ታስተምርበት የነበረው ክፍል መስኮት ባይቀርለትም ጥቁር ሰሌዳው ደህና ነው። ጦርነቱ አለቀ ብዬ አልዋሽህም፤ ለጊዜው ጋብ ብሏል፤ ከተማችን መርሳም ወደ ገበያዋ ተመልሳለች። ትልቁ ለውጥ ግን የሥዕል ክፍልህ በር ክፍት መሆኑ ነው። እንዴት እንደተከፈተ ልነግርህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የአዲስ አበባው የሥዕል ሸራ ዋጋ አልቀመስ ሲልህ ከከባድ መኪና ሾፌሮች አሮጌ የጭነት ሸራ መሸመት ጀመርክ። መርሳ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው አለ፤ የመኪና ልብስ ገዝቶ ተራራ የሚሥልበት ግን አንተ ብቻ ነበርክ። መጀመሪያ ቦታውን በንድፍ ደብተርህ ላይ በእርሳስ ትነድፋለህ፤ ቀጥሎ ያንን የሚያህል ሸራ ተሸክመን እንወጣለን። ተሸክመን ስል ግማሹን እኔ ማለቴ ነው፤ ቀለሙንና ጥላውንም ጨምሮ።

ግራና መንደር ወርደን የሆነውን ታስታውሳለህ? ሸራውን ከብርቱካኑ ማሳ ዳር በሁለት ግራር መሀል ወጥረኸው ሰማዩን ቀብተህ ሳትጨርስ የከሰዓቱ ንፋስ ከነገመዱ ነቅሎ ወሰደው። አንተ ፊት፣ እኔ ኋላ እየሮጥን ስንደርስ የሰው ማሽላ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ባለማሳው ዱላ ይዞ መጣና ግራ ተጋብቶ ቆመ። ማሽላዬ ላይ ሰማይ ወደቀ ብሎ ሲናገር አንተ መሳቅ ጀመርክ፤ እሱም ዱላውን ጥሎ ሳቀ። የማሽላው ራስ ሰማያዊ ሆነ፤ ሸራው ላይ ቅጠል ተጣበቀ። አንተም ቅጠሉን ሳትለቅም በላዩ ቀባህበት፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ገበያተኛውስ ቢሆን መች ይለቅህ ነበር። ነፍስ ያለው ነገር እንደማትሥል ለአባትህ ቃል ገብተህ ነበር፤ እሳቸውም ዛፍና ተራራ ከሆነ ምን ከፋ ብለው መርቀውሃል። እናም ሴቶቹ ሥዕልህን ዙሪያውን አይተው፣ አገሩስ ያምራል፣ ሰዉን ግን ምን በላው ይላሉ። አንተ ይከፋህ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳቄን በሻሽ እሸፍናለሁ።

አንተ ስትሄድ ክፍሉን ቆለፍኩት። የቀለሙና የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ እንዳይወጣ በበሩ ሥር ጨርቅ ጎሰጎስኩ። የቀረኝ አንተ እዚያ ውስጥ ያለህ ይመስለኝ ነበር፤ ከተከፈተ የምታልቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ እተኛለሁ። ሐያት አንዴ ልግባ ብላኝ ፊቴን አይታ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

በዚያው ክረምት ጦርነቱ ከቆቦ ወደ ወልድያ ሲገፋ መንገዱ ሰው በሰው ሆነ። ግቢያችን አራት ቤተሰብ ገባ። ከነሱ መሀል ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጡ አባባ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር። በእንጨትና በፕላስቲክ መጠለያ ቀለስን። ምንጣፉን አወጣሁ፣ ጋቢውን አወጣሁ፣ የማድቤቱን በር ሳይቀር ነቅዬ ለመኝታ አነጠፍኩ። ቁልፉ ግን ካንገቴ አልወረደም።

አንድ ቀን ከአስር ሶላት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣና ፕላስቲኩን ብጥስጥሱን አወጣው። ብቅ ብል አባባ ሞላ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን ከሥር አስቀምጠው ቆመዋል። ውሃው በክንዳቸው ወደ ብብታቸው ይገባል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። ያን ጊዜ ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። እንድሬ፣ በሩ ሲከፈት ሽታህ አልፎኝ ወጣ። እያለቀስኩ ነው ሸራዎቹን በፕላስቲኩ ፋንታ እንዲወጠሩ ያወጣሁት፤ ደግነቱ በዝናብ ውስጥ እንባ አይለይም።

ቀጥሎ ክርክር ተነሳ። አባባ ሞላ ቀለም የተቀባው ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ ዝናቡን እሱ ይመክታል አሉ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ልጃቸው ግን፣ «ዝናቡ ምን ያየዋል? እኛ እንየው እንጂ» አለችና ሴቶቹ በሙሉ ወደሷ አደሉ። ሥዕሉ ወደ ውስጥ ሆነ።

ሰው ሥዕል ፊት ቆሞ ውሃ የሚጎነጭበትን ያህል ጊዜ እንኳ አያይም እያልክ ታማርር አልነበር? እነዚህ በጀርባቸው ተንጋለው ክረምቱን ሙሉ አዩህ። ያላገኙብህ ግድፈት የለም። አንዱ ዛፍ ዋርካ ነው ሾላ ነው በሚል ሁለት ጎልማሶች ተኮራርፈው ሰነበቱ። ልጆቹ በጣታቸው እያመለከቱ ቤቶቹን ተከፋፈሉ፤ ይህ የኔ ነው፣ ያ የአክስቴ ነው፣ እዚህ ጋ ላም እናስራለን ይላሉ። ሰው የሌለበት አገርህ ሰው ሞላው።

ለአባባ ሞላ የደረሳቸው ሸራ ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ነበር፤ ያ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠህ የሣልከው የጉባ ላፍቶ ተራራ። ለካ የራሳቸው ቀዬ ኖሯል። የመጀመሪያውን ቀን ተንጋለው ሲያዩት ዋሉ። በማግስቱ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ የሞተ ሰው አይወቀስም፤ ነፍሱን ይማር። ነገር ግን ወንዛችን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ አይወርድም፤ በቀኝ ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። በሕይወት ሳለህ ስሞግትህ ኖሬ ከሞትክ በኋላ ጠበቃህ ሆንኩ። የንድፍ ደብተርህን አምጥቼ አባባ ይዩት፣ እዚያው ተቀምጦ የነደፈው ነው አልኳቸው። ገጹን አስጠግተው አዩና፣ እንግዲያው ወረቀቱም ተሳስቷል ብለው መለሱልኝ። በአክብሮት ነው የምንከራከረው፤ እኔ አንቱ እያልኩ፣ እሳቸው ልጄ እያሉ፤ ማናችንም ግን አንድ ስንዝር አልለቀቅንም።

ከዚያ መርሳም ተያዘች። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ወፍጮ ቆመ።  አባባ ሞላ እህል ሲቀርብላቸው ለልጆቹ እየገፉ ቀኑን ሙሉ ሸራውን ያያሉ። ልጃቸው ፈራች፤ እኔም ፈራሁ። አንድ ጠዋት አጠገባቸው ስቀመጥ፣ አገሬን ሳላየው ብሞት እንኳ እንደነበረ አድርጌ እያየሁት ልሙት አሉኝ። ይህንን ከሰማሁ በኋላ ክርክሩን መቀጠል አልቻልኩም።

ብሩሽ ይዤ እንደማላውቅ ታውቃለህ። ወንዙን በቀኝ ልሥልላቸው ብዬ ግን የቀለም ሳጥንህን ከፈትኩ፤ ግማሹ ቱቦ ደርቋል፣ የቀረውን በተልባ ዘይት አላላሁት። ሳጥን በሳጥን ላይ ደርበን ወጣሁበት። ሐያት እግሬን ያዘች። ሰዉ ሁሉ ከሥር ተሰብስቦ አዛዥ ሆነ፤ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ፣ እዚያ ጋ ድንጋይ አለ ውሃው ይዞራል። ከሩቅ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ እኛ ስለ አንድ ድንጋይ እንከራከራለን። ወደ ላይ ሲቀቡ ቀለም የት እንደሚሄድ አልነገርከኝም እንጂ፣ ግንባሬ ላይ ተንጠባጠበ፣ አልፎም በአባባ ሞላ ጺም ላይ አረፈ። ጺማቸው ሰማያዊ ሆነ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ። አንተ ከሞትክ ወዲህ ድምፄን አውጥቼ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

የግራውን ወንዝ አጥፊው ሲሉኝ ግን እምቢ አልኩ። ይኸኛው የባሌ ነው፣ አይነካም አልኩ። አባባ ሞላ ጺማቸውን ጠረጉና፣ «ይሁን፤ ውሃ በዝቶ አያውቅም» አሉ። ያን ቀን ምሳቸውን በሉ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተና ሰው ወደየቀዬው ተነሳ። ሸራዎችህ ጭስ ጠጥተው፣ አንዳንዱም ተበስቶ ተመለሱልኝ። አባባ ሞላ የሳቸውን ጠቅልለው በሁለት እጃቸው አስረከቡኝ። ቤታቸው ቆርቆሮው ተገፎ ግድግዳው ብቻ መቅረቱን ሰው ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን ስለ ሸራው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አቅፌው ቆሜ ቀረሁ። ከሥራህ ሁሉ በላጩን በእጄ ይዣለሁ፤ ከእጄ ከወጣ ተመልሼ እንደማላገኘው አውቃለሁ። የሚወስዳቸው ኢሱዙ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሸራውን ከዕቃቸው ላይ ጫንኩትና እኔና ሐያትም አብረን ተሳፈርን።

ጣሪያ እንዲሆን ከቤታቸው ግድግዳ ላይ ስንወጥረው ልክክ አለ። ከዚያ የንድፍ ደብተርህን ይዤ ወደ መንገዱ ወረድኩና የተቀመጥክበትን ቦታ ፈለግሁ። ድልድዩን በገጹ ጥግ ነድፈኸው ስለነበር አላስቸገረኝም። ተቀምጬ ቀና ስል ወንዙ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተግራ ይወርዳል፤ አንተ እንዳልከው። አባባ ሞላን አስጠራሁ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወርደው በኔ ቦታ ተቀመጡ። ከላይ ከቤታቸው ደጃፍ ሲያዩት በቀኝ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ መንገድ ሲያልፉ ቁጭ ብለው ወደ ቀያቸው ቀና ብለው አያውቁም። ምን ሥራ አላቸው? ወንዙን በምርኩዛቸው ጠቁመው፣ «ባልሽ አልዋሸም፤ እኔም አልዋሸሁ» አሉና ክንዴን ይዘው ተነሱ።

ሸራውን እዚያው ትቼው መጣሁ። ከመውረዴ በፊት በጥጉ ከስምህ ሥር ጦይባ ብዬ ጻፍኩበት። አንዱ ወንዝ የኔ ስለሆነ ቅር እንዳይልህ።

ክፍሉን ካሁን በኋላ አልቆልፈውም፤ ያለህም እዚያ ውስጥ አይደለም። ነገ ከሐያት ጋር ሐራ እንሄዳለን። የባቡር ሐዲዱን አትወደውም ነበር፣ ሜዳው ላይ የተረሳ ማስመሪያ ይመስላል እያልክ ፊትህን ታዞርበታለህ። እኔ ልሥለው ነው። የኔ ተራራ ገና የጎመን ክምር ነው የሚመስለው፤ ሐያት ትስቅብኛለች፣ እኔ ግድ የለኝም። ድሮ አንተ ስትሥል እኔ አንተን ነበር የማየው፤ አገሩን አላየሁትም። አሁን መንገድ ላይ ቆም እልና፣ እንድሬ ይህን ምን ቀለም ይለው ነበር እላለሁ። አንተ አትመልስልኝም፤ ስለዚህ እኔ ራሴ አይቼ መወሰን አለብኝ። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ፊትህን ያዞርክበትንም ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁልህ።

ሚስትህ ጦይባ
መርሳ