ለእህቴ ተከልክሎ ለእኔ ስለተፈቀደው ሉፐስ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪና የሪፈር ጉዳዮች ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ ያለ ማስረጃ ወረቀት የሚታመን፣ እንቅልፍዎም በአቤቱታ የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ዜና ለማርዳት እገደዳለሁ፦ በናሙና መቀበያው መስኮት ላይ በክር ታስሮ የነበረው የሕዝብ እስክሪብቶ ከነክሩ ተሰውሯል። ወረፋ ላይ የነበርን ሁሉ በቆምንበት በዝምታ ካሰብነው በኋላ፣ አንዲት እናት ከቦርሳቸው የቅንድብ እርሳስ አውጥተው ስለለገሱን የመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ሳይስተጓጎል ቀጥሏል።

ይህን ካልሁ በኋላ ራሴን ላስተዋውቅ። ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ በጀርባዬ አዝዬ አራተኛ ፎቅ ስለምወጣ የሰፈር ሰው “ክሬኑ” ይለኛል። በቅርቡ ደግሞ በመሥሪያ ቤትዎ መልካም ፈቃድ የሉፐስ በሽተኛ ሆኛለሁ። ሉፐስ፣ እንደተረዳሁት ከሆነ፣ የሰውነት ዘበኛ ሌባውን ትቶ የቤቱን ባለቤት የሚደበድብበት በሽታ ነው። የእኔ ዘበኛ እስካሁን አንድ ጥፊ እንኳ ስላላቀመሰኝ ጨዋነቱን ሳልመሰክርለት አላልፍም።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ እያበጡ መቀስ መጨበጥ ካቃታት፣ ፀሐይ በነካት ቁጥር ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ቅላት ከወጣባት፣ ጸጉሯም ከማበጠሪያው ጋር ተያይዞ መሄድ ከጀመረ ቆይቷል። እርስዎ ዘንድ ያመጣኋት እሷን ነበር። ነገር ግን መርፌ ስታይ ሕፃን ናትና “አንተም ካልተወጋህ ንቅንቅ አልልም” ብላ በሩ ላይ ስትተከል፣ ጠቅላላ ሐኪሙ “ለነገሩ የአንድ እናት ልጆች ናችሁ” ብሎ ለሁለታችንም ያንኑ የሉፐስ የደም ምርመራ አዘዘልን። ምስጋናዬም ከዚሁ ይጀምራል።

፩ኛ. የእኔ ደም ፖዘቲቭ፣ የእህቴ “አጠራጣሪ” ስለተባለ፣ ቀጥሎ የታዘዘላት፣ ሉፐስን ብቻ የሚለየው ጥብቁ ምርመራም ኔጋቲቭ ስለሆነ፣ “ደሙ ፖዘቲቭ ያላለ ሰው ወደ ስፔሻሊስት አይመራም” በሚለው መመሪያዎ መሠረት ለእኔ የስፔሻሊስት ቀጠሮ፣ ለእሷ “እንኳን ደስ ያለሽ፣ ጤነኛ ነሽ” ተሰጥቶን በፍትሕ ተለያይተናል። ያን ዕለት በሽተኛው ጤነኛዋን በጀርባው አዝሎ ደረጃውን ሲወርድ ያዩት የጥበቃ ሠራተኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደቀሩ ይጠይቋቸው። እህቴማ ጆሮዬ ሥር ሆና “አንተ ቀማኛ! ልጅ ሆነን ብስኩቴን የነጠቅኸኝ አልበቃ ብሎህ አሁን ደግሞ በሽታዬን?” እያለች ስትስቅብኝ እኔም ሳቄ መጥቶ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

፪ኛ. አልሆንልን ቢል ሌላ ላቦራቶሪ ሄደን ብናስመረምራት ያው የእሷ ደም እዚያ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ይዘን እየበረርን ብንመጣ የመስኮቱ ባለሙያ “እሱ የእነሱ ፖዘቲቭ ነው፣ የእኛ አይደለም” በማለት በእርጋታ አስረዱን። ፖዘቲቭም ዜግነት እንዳለው፣ ድንበር ሲሻገርም ቪዛ እንደሚጠየቅ ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም።

፫ኛ. በምክር አገልግሎት ክፍል ፀሐይ እንድሸሽ፣ እንዳልደክም፣ መገጣጠሚያዎቼንም እንድንከባከብ አንዲት ደግ ነርስ ሰፊ ትምህርት ሰጥተውኛል። እኔ እያንቀላፋሁ፣ እህቴ ጥግ ላይ ሆና እያንዳንዱን ቃል እየለቀመች ተምራለች። ለአንድ ምክር ሁለት ሰው ማስተናገድ ትልቅ ቁጠባ ነው።

፬ኛ. የቀጠሮዬ ቀን ደረሰና እህቴ አስታማሚዬ ሆና አብራኝ ገባች። ስፔሻሊስቱ ወረቀቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን የተደገፈችውን አስታማሚዬን አዩ። “ምን ያምሃል?” ቢሉኝ “ሶፋው ሲከብድ ወገቤን” አልኋቸው። “በል ተነሥ፣ እሷ ትቀመጥ” አሉኝ። ከዚያም ይህ የደም ምርመራ በጤነኛም ሰው ላይ ፖዘቲቭ ሊል እንደሚችል፣ ጥብቁ ምርመራም በእውነተኛ ታማሚ ላይ ኔጋቲቭ ሊሆን እንደሚችል፣ ደም አንድ ምስክር እንጂ ዳኛ እንዳልሆነ፣ ከቆዳው፣ ከመገጣጠሚያው፣ ከሽንቱና ከሰውየው ታሪክ ጋር ተደምሮ እንደሚታይ አስረዱን። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ሽንቷን አስመረመሩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ኩላሊቷ መነካት ጀምሯልና ሳይብስ ከእሱው ናሙና ተወስዶ ሕክምናዋ በቶሎ እንዲጀመር ጻፉ። የጻፉት ግን በእጃቸው በነበረው ካርድ፣ ማለትም በእኔ ካርድ ላይ ሆነና የካርድ ክፍሉ “በስሟ ሪፈር የለም፤ ለአስታማሚ ኩላሊት አናይም” ብሎ መለሰን።

በሁሉ ነገር ስትስቅ የኖረች እህቴ ያን ዕለት አልሳቀችም። ደረጃው ላይ አረፍ ብላ “እኔ እምልህ፣ ኩላሊቴ መመሪያውን አንብቦ የሚጠብቅ ይመስልሃል?” ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ መሥሪያ ቤትዎን የሚመለከት ስለሆነ እንዳለ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፦ መመሪያዎ እንደተከበረ በመደርደሪያው ይቀመጥና በእህቴ ስም አንድ ካርድ ይውጣ። የእኔ ኩላሊት ለማንኛውም ምርመራ ፈቃደኛ ቢሆንም፣ ምንም ያህል ቢያገላብጡት የእሷን ሊያክምላት አይችልም።

ለተደረገልኝ ያልተገባ ክብር እጅ እየነሣሁ፣ በማኅተምዎ በሽተኛ፣ በጀርባዬ ጤነኛ፣ ከጫማዎ ሥር የማልጠፋ አገልጋይዎ፣

ክሬኑ፣ ሶፋ ሠሪው

ማረሚያ፦ ከዚህ በላይ “የሉፐስ በሽተኛ ሆኛለሁ” ተብሎ የተገለጸው፣ ይህ ደብዳቤ ሊታሸግ ሲል በዚያው በመሥሪያ ቤትዎ ላቦራቶሪ በተደረገ ድጋሚ ምርመራ ደሜ ኔጋቲቭ ሆኖ ስለተገኘ፣ “በሽተኛ ነበርኩ” ተብሎ ታርሞ እንዲነበብ በትሕትና አስታውቃለሁ። በመሆኑም ይዤው የቆየሁትን የበሽተኛነት ቦታ ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ለክፍት ቦታው ሙሉ ብቃትና በቂ የሥራ ልምድ ያላት አመልካች ከቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጣለች። ግቢ ሲሏት ከወንበሩ ለመነሣት ጉልበቷ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ እባክዎ በሩን ይዘው ይጠብቋት።