ሞተሩ ሳይጠፋ

ልጄ ታሪኩ፣ አባቴ፣

ከተለየኸኝ አንድ የቡና ወቅት አልፎ ሁለተኛው ቀላ። ያን ቀን ገበያ ላይ ጎደሬዬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። የአጎትህ ልጅ ደሳለኝ በባጃጅ መጣና የቡና መፈልፈያዋ ማሽን እጅህን ትንሽ ነካ እንዳደረገችህ፣ ሆስፒታል እንዳለህ ነገረኝ። ትንሽ ማለቱን አመንኩት። መንገድ ላይ ባጃጁን አስቁሜ ብርቱካን ገዛሁልህ። እጅህ ከታሰረ ራሴ ልጬ ላጎርስህ ነበር ሐሳቤ። ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ስንደርስ ባጃጁ ሳይታጠፍ አለፈ። ደሳለኝን ዞሬ አየሁት፤ ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። ያኔ ገባኝ። ደጃችን ሰው ሞልቶበት ነበር። ብርቱካኑን ማን ከእጄ እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሟሟትህን የሰማሁት ቀስ በቀስ ነው፤ አንዱ አንድ ቃል፣ ሌላው ሌላ ቃል እያለኝ። እሸት ቡና በብዛት የገባበት ቀን ነበር። ዝናብ ስለነበር የዝናብ ልብስህን እንደደረብክ ነው የምትሠራው። ማሽኗ ታነቀች። ሞተሩን አጥፍቶ መጥረግ ነበር ደንቡ። ግን ያ አሮጌ ሞተር አንዴ ከጠፋ ለማስነሳት ሦስት ወንድ እየተፈራረቀ ይዘውረዋል፤ እሸቱ ደግሞ በዕለቱ ካልተፈለፈለ አድሮ ይበላሻል። ስለዚህ ሁላችሁም እንደምታደርጉት ሞተሩ እየዞረ እጅህን ሰደድክ። ሞተሩንና ማሽኗን የሚያገናኘው ቺንጋ መሸፈኛ አልነበረውም። እጅጌህን ያዘው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ልጽፈው ግን አልችልም።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለኝ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ስቀር ግን ልቤ እምቢ አለኝ። የቸኮለው እሸቱ ነበር እንጂ ያንተ ቀንስ አልደረሰም።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ድሮ ስጽፍ ስታየኝ፣ እማዬ ፊደሉን እየተከልሽው ነው እንዴ፣ ቡና እንኳ ካንቺ ቀድሞ ይበቅላል እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከሥራ ስትገባ የቡናውን ልጣጭ ሽታ ለማስለቀቅ እጅህን በሎሚ ስታሽ፣ አልለቅ ሲልህ ደግሞ ሆን ብለህ አፍንጫዬ ሥር ስታስጠጋው አሁንም ይታየኛል። ያን ጊዜ እቆጣህ ነበር።

አልጋህን ለታናሽ ወንድምህ ለብሩክና ለሚስቱ ሰጠኋቸው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ብሩክ አንተ ማሽኗ ላይ የነበረህን ቦታ ያዘ። ሌላ ሥራ ፈልግ ስለው፣ የት አለና አለኝ። አትስጊ፣ አመሏን አውቃለሁ አለኝ። አንተም እንዲሁ ትል ነበር።

የማሽኗ ባለቤት ጋ ሄጄ ቺንጋው ይሸፈን ብዬ ለመንኩት። እሺ እማማ ብሎ ቆርቆሮ አስመታበት። ቡናው ሲበዛ ለሥራ አላመች አለ ብለው ነቀሉት። እኔም ሄጄ ማሽኗ አጠገብ ተቀመጥኩ። ወጣቶቹ፣ አዲሷ አለቃ መጡ፣ ፊሽካ ይገዛላቸው እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ማሽኗ ታነቀችና ብሩክ እጁን ሊሰድ ጎንበስ ሲል ተነስቼ ጮህኩ። ታሪኩ ብዬ ነው የጮህኩት። ያንተ ስም ነው ከአፌ የወጣው።

ሳቁ ቆመ። ብሩክ ሞተሩን አጠፋው። እስኪያስነሱት መሸ፤ ያልተፈለፈለው እሸትም ተከምሮ አደረ። በማግስቱ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ እናቴ ይቅርታ፣ አታስገባ ተብያለሁ አለኝ። ልጅ ያለው ሰው ነው፤ አልተጣላሁትም።

አሁን ቤት ሆኜ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ከወንዙ ማዶ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ ሳይቋረጥ ሲጮህ፣ ሳያጠፋው እጁን እየሰደደ ነው እላለሁ። ሲቋረጥ ደግሞ፣ ብሩክ አጥፍቶት ነው እላለሁ። ግን አንተ የሞትክ ዕለትም ሞተሩ ጠፍቷል፤ ያጠፉት ከያዘህ በኋላ ነው። ስለዚህ ድምፁ እንደገና እስኪነሳ ደጅ ወጥቼ እቆማለሁ።

ታሪኬ፣ እስክከተልህ ድረስ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። በየዓመቱ ቡና ሲቀላ ቀንህን አስባለሁ። እንዴት እንደሞትክ ለሚጠይቀኝም ቀኑ ደርሶ ነው አልልም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው እላለሁ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የልጄ የክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው። ስትጸልዩ በዚህ ስም አስቡልኝ፤ ነፍሱን ይማር በሉልኝ። ለሞተ አይጸለይም የምትሉም አላችሁ፤ ጎረቤቶቼም እንዲህ ይሉኛል፤ እንደ እምነታችሁ ይሁን። እናንተ ደግሞ ለብሩክ ጸልዩልኝ። ዛሬም እሸት ገብቷል።