ከገረሴ የሚወርደው ደመና

አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ውድ በለጥሽ፣

ከሄድሽ ሁለተኛው በልግ ገባ። ለወንድሞቼ ስለ አንቺ ስጽፍ ደብዳቤው ያጥርብኛል፤ እነሱ አያውቁሽም። ዛሬ ለራስሽ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ስንተዋወቅ 2003 ዓ.ም. ነበር። እኔ የሚቲዎሮሎጂ ትምህርቴን ጨርሼ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ለጥናት ቀርቼ ነበር። ከሳተላይት በየሩብ ሰዓቱ የሚመጣው የደመና ሥዕል ለዓመታት ተጠራቅሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ይውል ነበር። ከዚያ ክምር ውስጥ ያገኘሁት ነገር ቀላል ነው፤ ጫሞ ሐይቅን የሚያናውጠው ማዕበል ብዙውን ጊዜ የሚጠነሰሰው ከገረሴ ተራሮች በላይ ነው። እዚያ ደመናው ወደ ላይ አድጎ አናቱ በፍጥነት ከቀዘቀዘ፣ ነፋሱ ሐይቁ ላይ እስኪወርድ ሁለት ሰዓት ያህል ይተርፋል። በየማታው የሚነገረው ትንበያ «በደቡብ ዝናብ ይኖራል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ታንኳ ላይ ላለ ሰው ምን ያደርግለታል? ሁለት ሰዓት ግን መረብ አሰብስቦ ዳር ያደርሳል።

ወረቀቴን ይዤ ሬዲዮ ጣቢያው ስመጣ ዜናውን በጋሞኛ የምታነቢው አንቺ ነበርሽ። አይተሽው ሳቅሽ።

«ከእኛ አገር ከገረሴ ነው ለካ የሚላክባቸው!»

ከዚያ ጣትሽን «ስድሳ በመቶ» የሚለው ላይ አሳረፍሽ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማዕበሉ የመምጣቱ ዕድል።»

«ዓሣ አጥማጅ በስድሳ በመቶ ከሐይቅ አይወጣም። ውጡ ነው ወይስ ቆዩ?»

«ውጡ።»

«እንግዲያው ውጡ እላቸዋለሁ።»

በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ፣ ታንኳ ላይ ይዘውት በሚወጡት ሬዲዮ ሰምተው ሁሉም ወጡ። ደመናው ግን መንገድ ላይ ተበትኖ እስኪመሽ ፀሐይ ሆነ። በነጋታው ስህተቱን ከመረጃው ውስጥ ልፈልግ ስቀመጥ መጥተሽ፣ «ተነሥ፣ ጫሞ እንሂድ» አልሽኝ። ዓሣ በሚጭን ፒካፕ ወረድን። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጋሽ ሽበሺ መረባቸውን ሲጠግኑ አገኘናቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ትናንት ቤቴ ባዶ እጄን የገባሁት ያንቺን ድምፅ ሰምቼ ነው» አሉሽ።

አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሽ። በጋሞኛ ከተናገርሽ በኋላ ለእኔ በአማርኛ ደገምሽልኝ፦ «ተሳስተናል አልኳቸው። ገና እንሳሳታለን። ስንሳሳት ግን ራሳችን መጥተን እንነግራችኋለን።»

ሽማግሌው መረባቸውን አስቀመጡ። «የቢሮ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁ» አሉና ጠዋት ካጠመዱት ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው አበሉን። የወደድኩሽ ያኔ ነው። ቀኑን ነግሬሽ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በተሳሳትን ቁጥር ወደ ሐይቁ ትወርጂ ነበር። ስህተቱም እያነሰ ሄደ። በኋላማ ሰዎቹ ድምፅሽን ሲሰሙ ሰማዩን ሳያዩ መረብ መሳብ ጀመሩ።

በ2005 ጥር አባቴ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው ገረሴ ለሽምግልና ተቀመጡ። እናትሽ እትዬ አበራሽ አማርኛ እምብዛም፣ አባቴም ጋሞኛ ጭራሽ አይችሉም። ሌላ ሰው ጠፍቶ ሙሽራዋ ራስሽ አስተረጎምሽ። የአባቴን ቃል ወደ ጋሞኛ ስትመልሺ ስለ ራስሽ ሙያና ጨዋነት ብዙ ብትጨምሪበት፣ አባቴ ከርዝመቱ ጠርጥረው፣ «ይህን ሁሉ ነው እንዴ ያልኩት?» ቢሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

በጾሙ መካከል ድካም ጀመረሽ። ድድሽ ይደማ፣ ክንድሽ ያለ ምክንያት ይበልዝ ነበር። አዲስ አበባ ስወስድሽ የደም ካንሰር ነው አሉን። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ይዤ ወደ አልጋሽ ተመለስኩ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ደህና ትሆኛለሽ።»

ትክ ብለሽ አየሽኝ። «ወንደሰን፣ እኔ ለዓሣ አጥማጆቹ እንዲህ ብዬ አላውቅም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩሽ። መድኃኒቱ እንደማይመልሰው፣ ጊዜውም አጭር እንደሆነ። አላለቀስሽም። እጄን ይዘሽ ወደ መስኮቱ ዞርሽ።

«እንግዲያው ገረሴ ውሰደኝ» አልሽ። «እናቴ ጋ።»

ሠርጋችን ሊሆን በነበረበት ሰሞን ቀበርንሽ።

ሣልስቱ እንዳለፈ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ሥራ ገባሁ። ያን ቀን ከገረሴ በላይ የደመናው አናት ሲቀዘቅዝ አየሁ። በአንቺ ቦታ ገና ሰው አልተቀጠረም ነበር። ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሮጥኩና ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ፣ ከአንቺ አፍ የለመድኳቸውን ቃላት በተሰባበረ ጋሞኛ ተናገርኩ። መጨረሻው ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ።

ማዕበሉ መጣ። እንዲያ ያለ አላየሁም፤ ዳር የታሰሩትን ታንኳዎች ሳይቀር ገለበጠ። ሐይቁ ላይ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በነጋታው ስወርድ ጋሽ ሽበሺ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። «ጋሞኛህ ጋሞኛ አይደለም» አሉኝ። «ድምፅህ ሲሰበር ግን ሰማን። እሷን የቀበረ ሰው በዋዛ ውጡ አይለንም ብለን ወጣን።» እዚያው ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በቀብርሽ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

አሁን በአንቺ ቦታ መክሊት የምትባል ልጅ ታነባለች። ጎበዝ ናት፤ ሰዎቹም ለምደዋታል። እኔ ግን ሰዓቷ ሲደርስ ሬዲዮውን አጠፋለሁ። እንዳትቀየሚኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። እናትሽ የገብስ አጨዳ ሲደርስ ይደውሉልኛል። «ልጄ፣ ገብስ ላስጣ?» ይሉኛል በዚያችው ባለቻቸው አማርኛ። ሥዕሉን አይቼ፣ «እስከ ሰባት ሰዓት ያስጡት እናቴ፣ ከዚያ ያስገቡ» እላቸዋለሁ። ጉዳዩ በዚህ ያልቃል። ስልኩን ግን አይዘጉም። እኔም አልዘጋም። ስምሽን እሳቸውም አያነሡም፣ እኔም አላነሣም። ዶሮዎቻቸው ጓሮ ሲጮኹ፣ እሳቸው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ካርዳቸው አልቆ ሲቋረጥ መልሼ እደውላለሁ። ያነሣሉ፤ አሁንም ዝም እንላለን።

ያንቺው
ወንደሰን