የእማዬ የወፍጮ ዘፈንና የአባዬ ስም

ኅዳር 8፣ ከጧቱ 4 ሰዓት፣ ንፋስ መውጫ፣ ጽ/ቤት

ካርቦኑ አለቀ፣ ሪባኑ ደረቀ፣ ደብዳቤው ግን አያልቅም። ደብተሬ፣ ዛሬም በሥራ ሰዓት ነው የምጽፍብሽ። አለቃዬ ችሎት ገብተዋል።

ከጎንደር ትእዛዝ መጥቷል። ከየአውራጃው አንድ ድምፀ መልካም ሰው ለጠ/ግዛቱ የዘፈን ውድድር ይላክ ይላል። ያሸነፈ አ.አ. ሄዶ ቲያትር ቤት ይፈተናል። ከጋይንት የተመረጠችው አንዲት የት/ቤት ልጅ ነበረች፣ ትናንት ወላጆቿ ዳሯት። መልሱ ደግሞ ዛሬ መሄድ አለበት። የስም ቦታው ባዶ።

ዘነበች መጣች። የመዝገብ ቤቷ፣ ጓደኛዬ፣ ምላሷ ምላጭ። ባዶውን አየችው። «የራስሽን ጻፊበታ! ይኼን ሁሉ ዓመት የጽሕፈት መኪናውን እየደበደብሽ ስታንጎራጉሪ ጆሯችንን የበላሽው በነጻ ነው?»

እኔ? በአርባ ሦስት ዓመቴ? ባል ቀብሬ፣ ልጅ ድሬ? ሳቅን፣ ዕንባ እስኪወጣን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ጣቴ መኪናው ላይ ነው። «ጥሩዓለም» ብዬ መታሁ። የአባቴ ስም ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለ።

አባዬ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር፣ የድጓ ዜማ መምህር ናቸው። መ/ጌታ ይኄይስ ሲባል ከአርብ ገበያ እስከ እስቴ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ያን ስም ከዘፈን ጋር አንድ መስመር ላይ ልምታው? «የመሪጌታው ልጅ አዝማሪ ሆነች» ሲባል ከወዲሁ ተሰማኝ። ስለዚህ «ጥሩዓለም ጋይንቴ» ብዬ ጨረስኩ። አለቃዬ ሳያነቡ ፈረሙ። ሳያነቡ እንደሚፈርሙማ አውቃለሁ!

ታኅሣሥ 5፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ጎንደር

እስከ ደብረ ታቦር በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ወገቤ የእኔ አይደለም። ግን ምን ቸገረኝ! አንደኛ ወጥቻለሁ፣ ደብተሬ! አንደኛ!

በሥርዓት ልንገርሽ። ተወዳዳሪው ሁሉ ጎረምሳ፣ ከረባት ያሰረ፣ ጸጉሩን የቀባ። አስተናጋጁ የአንዳቸው እናት መስዬው ከወላጆች ወንበር አስቀመጠኝ። ተራዬ ደርሶ ከወላጆቹ መካከል ስነሣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ እማዬ ስትፈጭ የምትለውን ለቀቅሁት፦

መጄም ደከመብኝ ወፍጮዬም ሰለለ፣
ልጄ ከሄደበት ማን መጣሁኝ አለ።

የሙዚቃ ባንዱ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። ከበሮ መቺው ብቻ የመጁን ሄድ መለስ በመዳፉ ያዘልኝ። ስጨርስ የሳትኩ መሰለኝ። ከዚያ ጭብጨባው! አንዱ ዘናጭ ጎረምሳ፣ ሁለተኛ የወጣው፣ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም። ተው ልጄ፣ ገና ዘፋኝ ነኝ እንጂ ቄስ አልሆንኩም አልኩት።

አሁን ብቻዬን ነኝ። ደስታው ትንሽ በረድ ሲል የአባዬ ነገር መጣ። ማን ይነግራቸው?

ጥር 16፣ አ.አ.

አለፍኩ። ቲያትር ቤቱ ተቀብሎኛል። ዲሬክተሩ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ባርኔጣውን ከራሱ አያወልቅም። ዘፈን የበዛበት ተውኔት አዘጋጅቷል። ልጇ ለትምህርት ሄዶ የቀረባት እናት አለች፣ እሷን የምሆነው እኔ ነኝ። የወፍጮው ዘፈን እንዳለ ይገባል።

ለአባዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ወደ አ.አ. ተዛውሬያለሁ፣ ሥራው ያው ጽሕፈት ነው አልኩ። ሐሰት ነው። ግማሹ ግን እውነት ነው፣ ያንቺን ገጽ እየጻፍኩ አይደል? ዲያቆን ያነብላቸዋል። ዓይናቸው ከድቷቸዋል።

መጋቢት 4

ጾም ነው። መድረክ ዝግ፣ ልምምድ ብቻ። ዛሬ እውነተኛ ወፍጮ መጣ። ሠራተኞቹ ወደ እኔ አዝምመው ተከሉት! ዱቄቱ ጭኔ ላይ ሊፈስ ነው? አስነቀልኳቸው። ዲሬክተሩ ማን ያየዋል አለ። የፈጨች ሁሉ ታየዋለች አልኩት።

ሌላም ጠብ አለን። «ማን መጣሁኝ አለ» የሚለውን አሳጥሪው፣ ክላርኔቱ ይግባ ይላል። እማዬ እዚያ ላይ ድምፅዋን ቀስ አድርጋ፣ ደረጃ እንደምትወርድ፣ እስከ ታች ነበር የምታወርደው። አሳጠርኩለት። ሎሌ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ከአባዬ መልስ የለም።

ግንቦት 3

ተከፈተ! ሞላ! ሰው አለቀሰ! አንዲት ባልቴት ውጭ ጠብቃ ልጄን አየሽልኝ ወይ ብላ ያዘችኝ፣ የእሷም አልተመለሰም። አብረን አለቀስን፣ አብረን ሳቅን፣ ሻይ ጋበዘችኝ። ደስታ እንዲህ ድካም እንዳለበት አላውቅም ነበር። እግሬ እንደ ድንች አብጧል። ነገም እደግመዋለሁ።

ግንቦት 10

አባዬ መጡ!

የአጎቴ ልጅ ዓይናቸውን ለማሳከም አምጥቶ አስረከበኝና ተመለሰ። ሐኪሙ ቀደደ፣ በፋሻ አሰረ። ሁለት ሳምንት እንዳይፈታ። ጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ከመቋሚያቸው ጋር ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ፋሻው ነጭ፣ ጢማቸው ነጭ፤ አፍንጫቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሥራ እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኩ። አለቃሽ ደግ ናቸው ወይ አሉ። ደግ ነው፣ ችግሩ ባርኔጣው ብቻ ነው አልኩ። እኔ በምሄድበት ሰዓት አከራዬ እማማ ብርቄ ትጠብቅልኛለች። እስከ መቼ?

ግንቦት 18፣ ጧት

ቁጭ በይና ስሚኝ። ትናንት ያልሆነ ነገር የለም።

እማማ ብርቄ ለቅሶ ሄደች። አባዬን ብቻቸውን ልተዋቸው አልችልም። ሥራ ቦታ ልውሰድዎት አልኳቸው። «እሺ፣ ሥራሽን ልይ» አሉ። በፋሻ! ሐሳቤ ከመድረክ ጀርባ አንድ ጥግ ማስቀመጥ ነበር። እኔ ልኳኳል ስገባ ለዘበኛው አደራ አልኩ። ዘበኛው ጥምጣም አየ፣ መቋሚያ አየ። እንዲህ ያለ አባት ጓዳ አይቀመጥም ብሎ እጃቸውን ይዞ ወሰዳቸውና ከፊተኛው ረድፍ፣ ከመኳንንቱ ወንበር አስቀመጣቸው። እኔ ቅንድቤን እየተሣልኩ ነው፣ ምን አውቄ!

መጋረጃ ተከፈተ። ወፍጮዬ ላይ ነኝ። እዘፍናለሁ። «ማን መጣሁኝ አለ» ላይ ስደርስ ዲሬክተሩ እንዳለው ቆረጥ አደረግሁት። ያኔ ከታች፣ ከጨለማው፣ እንጨት ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። ጧ፣ ጧ።

«ተመለሽ!»

ቤተ ልሔም ያላደገ ይኼ አይገባውም። ተማሪው ዜማ ሲስት አባዬ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱና «ተመለስ» ይላሉ። የቱንም ያህል ቢሄድ ከራሱ፣ ከመጀመሪያው፣ ይጀምራል። ክርክር የለም፣ ይቅርታ የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ምሳቸውን አድርሼ ከአጥሩ ሥር እየተደበቅሁ ስንቱን ተመለስ ሰምቻለሁ! ለእኔ ግን አንድ ቀን ተብሎ አያውቅም። ለሴት ልጅ ማን ተመለሽ ይላታል? መቼ ሄዳ?

ትናንት ተባልኩ። እመኚኝ፣ አላሰብኩም። ጉሮሮዬ ራሱ ታዘዘ። ዘፈኑን ግማሹ ላይ አቆምኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «እሺ የኔታ» አልኩ። ከራሱ ጀመርኩ። ባንዱ ተደናበረ፣ ክላርኔቱ እንደ ዶሮ አንድ ጊዜ ጮኸና ተወው። ብቻዬን ሄድኩ። ያቺ ቦታ ስደርስ እማዬ እንደምታደርገው አወረድኩት፣ ደረጃ በደረጃ፣ እስከ ታች።

«እለፊ» አሉ ከጨለማው።

ሕዝቡ የተውኔቱ ክፍል መስሎታል! ተነሥቶ አጨበጨበ። ዲሬክተሩ ከመጋረጃው ጀርባ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። ራሱ በራ ነው ለካ።

ሲያልቅ ሮጬ ሄድኩ፣ ቀሚሴ ዱቄት እንደሆነ። እግራቸው ሥር ወደቅሁ። መቼ ነው ያወቁት አባዬ አልኩ።

«ኅዳር ላይ። አርብ ገበያ የሰማውን ቤተ ልሔም ሳይሰማ ያድራል እንዴ?»

ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?

«ትነግሪኝ እንደሁ ብዬ ነዋ። ባትነግሪኝ ጊዜ ዓይኔን አሳብቤ መጣሁ።» ቀጥለውም፣ «እናትሽ ስትፈጭ የተማሪዬ ሁሉ ጆሮ ወደ ጓዳ ነበር። ስንቱን መትቻለሁ! የእኔንስ ጆሮ ማን ይምታው?»

ስለ ስሙ ግን አላነሣሁም። ስሜን ለምን ደበቅሽው ቢሉኝስ? ያን ያህል ድፍረት የለኝም።

ግንቦት 20

ዲሬክተሩ ቤት ድረስ መጣ። አባዬ በየምሽቱ ይቀመጡልኝ፣ በዚያች ቦታ ላይ ብቻ ተመለሽ ይበሉልኝ፣ ደመወዝም አለው ይላል። አባዬ ግራ ገባቸው። «እኔ ስትስት ነው የምናገር። ነገ ካልሳተች ምን ልበላት? እንድትስት ልጸልይ?» ሻዩ በአፍንጫዬ ሊወጣ!

ሌላ ሰውም መጥቷል፣ ከቴሌቪዥን። በዚያ ምሽት ተመልካች ነበር። የዛሬ አምስት ቀን ቀጠረኝ፣ ያንኑ ዘፈን እንድል። ቴሌቪዥን ምንድን ነው አሉ አባዬ። ሰውየው ምስልና ድምፅ የሚያሳይ ሣጥን ብሎ አስረዳ። «እንግዲያው ለእኔ ራዲዮ ነው» አሉ።

አንድ ችግር። አስተዋዋቂዋ የምታነበው ሙሉ ስም ነው፣ ከነአባት። ጋይንቴ የአገር ስም ነው፣ የሰው አይደለም አለኝ ሰውየው። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ግን እስከ ዛሬ የደበቅሁት አደባባይ ሊወጣ ነው። ቤተ ልሔም ሣጥኑ የለም፣ ወሬው ግን በእግሩ ይደርሳል። የደብሩ ሰው፣ ካህናቱ፣ ተማሪዎቻቸው! እኔ ልዝፈን፤ እሳቸው ለምን ይሰደቡ?

ግንቦት 25፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ጣቢያው

ተራ እየጠበቅን ነው። ፋሻው ዛሬ ጧት ተፈታ። አንደኛው ዓይን ጥላ ጥላውን ያያል። ቀሚስሽ ነጭ ነው አሉኝ፤ ነጭ ነው! ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው።

አሁን የሆነውን ልጻፍ። አስተዋዋቂዋ ወረቀት ሰጠችኝ። ስም፣ ከነአባት። ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። አባዬ ምን ዝም አሰኘሽ አሉ። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ንፋስ መውጫ የመታሁትን፣ ጋይንቴን፣ የፈራሁትን፣ ሁሉንም። ሲሰሙ ቆዩ። መቋሚያቸውን በእጃቸው እያሹ።

«ሰው ምን ይላል ብዬ እኔም አስቤበታለሁ» አሉ። «የሚል ይላል። እኔን የሚከፋኝ ሌላ ነው። ዜማ የሳተ ተማሪ የመምህሩን ስም አይጠራም። እንዲህ እናድርግ፤ እንደዚያ ዕለት አድርገሽ ካወረድሽው ስሜን ጻፊው። ከሳትሽ ግን ጋይንቴ በዪው፣ ጋይንት በሙሉ ይሸከመው!»

አስተዋዋቂዋ ሳቀች። አባዬ፣ ወረቀቱ የሚሞላው ቀድሞ ነው አለቻቸው፣ ዘፈኑ በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ተመለሽ የሚባል ነገር የለም።

ግራ ቀኝ አሉ። እንዲህ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፦ «እንግዲያው እኔ አልፈርድም። የምትዪውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ደብተሬ፣ አውቀዋለሁ!

ጻፍኩ። በትልልቁ፣ ረጋ ብዬ፣ እንደ መኪና ጽሑፍ። ወ/ሮ ጥሩዓለም ይኄይስ። ደግሜ አየሁት፣ ምን ያምራል! ለአስተዋዋቂዋ ሰጠኋት። ሄደች፣ አሁን መመለሻ የለውም። አባዬ የሚሰሙበት ወንበር ከመስተዋቱ ወዲህ ነው፣ እጃቸውን ይዤ ማድረስ አለብኝ። መብራቱ በራ። ስሜን እየጠሩ ነው፣ ሙሉውን፣ አባዬም አንገታቸውን ቀና አድርገው እየሰሙት ነው። ልሂድ!